አፈር ያስታቀፍኳቸው ኦርኪዶች

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝም እንዲያመሰግነኝም ብዬ አይደለም። ታሪኩ በከተማችን በሌላ መልክ ሲወራ ስለሰማሁ ነው። «አንዳርጌ በአበባ ምክንያት ሽማግሌ አባረረ» ይላሉ። አላባረርኩም፤ ሸኘሁ እንጂ። እንዴት እንደሸኘሁ ከራሴ አፍ ስሙና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

እኔ ብረት በያጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከምታዩአቸው የብረት በሮችና መስኮቶች ጥቂት የማይባሉት ከእጄ የወጡ ናቸው። የተወለድኩት ደምበጫ አካባቢ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከደብሩ ቄስ ዘንድ ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሒሳብ የተማርኩት ሰው የጣላቸውን የተማሪ መጻሕፍት እየለቀምኩ፣ ብየዳ የተማርኩት ደግሞ በሰው አጥር ላይ ተደግፌ በማየት ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ብዙ ነገር ስላወቅሁ፣ ማንም ሊያስተምረኝ የሚችል ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለቱ ወንዶች ትዳር ይዘው ወጥተዋል። የመጨረሻዋ ስመኝ ናት። ስመኝ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቀች፤ በተመረቀችበት ሥራ ግን አላገኘችም። አዲስ አበባ ሄዳ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ክፍል ታጸዳ ነበር። እኔ ለሰው «ቢሮ ነው የምትሠራው» እያልኩ እዋሽ ነበር። በኋላ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰችና አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ይዛ ቤቷ ገባች።

ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሥጦታ መስሎኝ ነበር። ውስጡ ያለው ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ከቅጠሉ ሥር እንደ ትል የተጠማዘዘ ግራጫ ሥር የሚንዘላዘልበት አሥራ አንድ ተክል ነው። አበባ የለው፣ ሽታ የለው። ኦርኪድ ይባላል አለችኝ። ሆቴሉ ለእንግዳ መቀበያው ይገዛቸዋል፤ አበባው ሲረግፍ ከነመትከያቸው ወደ ቆሻሻ ይጥላቸዋል። እሷ ከቆሻሻው ለቅማ ነው ያመጣቻቸው።

«አራት ዓመት ሠርተሽ ያተረፍሽው ይህን ነው?» አልኳት።

«አባየ፣ አልሞቱም እኮ። አበባቸው ነው የረገፈ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። የውሃ ፕላስቲክ ቆርጣ፣ በጋለ ምስማር ወገቡን በስታ፣ የዛፍ ቅርፊትና የከሰል ስብርባሪ ትሞላበታለች። አፈር የሚባል ነገር አታስጠጋም። ተክሉን ቅርፊቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሥሩ ግማሹ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ በአየር ላይ ይንከራተታል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያውም ጠዋት፣ የፕላስቲኩን ታች ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክረውና አንጠፍጥፋ ትመልሰዋለች። «መናኝ ነው እንዴ፣ በሳምንት አንዴ የሚቀምሰው?» እያልኩ አፌዝባታለሁ። ብርድ ሲበረታ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ ወደሚጋራው ክፍል ታስገባቸዋለች። በስስ መጋረጃ ከፀሐይ ትከልላቸዋለች። ለእኔ ይህ ሁሉ ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ነበር።

አምና ጥቅምት ላይ ግን አራቱ ተክሎች ከቅጠላቸው ብብት ቀጭን አረንጓዴ ዘንግ አወጡ። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ ሽምብራ የሚያክሉ እንቡጦች ተደረደሩ። ስመኝ ያን ቀን እንደ ሕፃን ስትዘል አየኋት። የማርቆስ ብርድ በልኩ ሲሆን እንዲያብቡ ያደርጋቸዋል፣ ከልኩ ሲያልፍ ይገድላቸዋል ብላ ለእናቷ ስታስረዳ ሰማሁ። ባሕር ዳር ችግኝና አበባ የሚነግዱ ወይዘሮ ከዲጃ የሚባሉ ሴት አሉ፤ አበባው የረገፈ ኦርኪድ ዳግም የሚያሳብብ ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። «ረቡዕ ቤትሽ መጥቼ እንቡጡን በዓይኔ ካየሁ ሥራው ያንቺ ነው» ብለዋታል። እሷም ሐሙስ ዕለት ቦታውን ለማየት ወደ ባሕር ዳር ሄደች፤ ቅዳሜ ልትመለስ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፤ «አባየ፣ እስክመለስ ማንም እንዳይነካቸው። ውሃም አያስፈልጋቸውም።»

«እሺ» አልኳት። ይህ «እሺ» ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ጋሽ አያሌው ወደ ብየዳ ቤቴ መጡ። ጋሽ አያሌው የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ በሠፈራችን ቃላቸው የማይታለፍ ሰው። የእህታቸው ልጅ ሉማሜ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ለእሱ ስመኝን ለመጠየቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው እንደሚመጡ በጨዋ ደንብ አስታወቁኝ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ብረት የምገዛው ከእሱ ነው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በደንቡ የሴቷ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሽማግሌ «ከዘመድ ልምከርበት» ብሎ ይቀጥራል። እኔ ግን እዚያው እሑድ «እሺ» ልላቸው በልቤ ቆርጬ ነበር። ለስመኝ መንገር የሚባል ነገር ሐሳቤ ውስጥ አልመጣም።

ቤት ገብቼ ቤቴን በሽማግሌ ዓይን አየሁት። ግድግዳው ተቀብቷል፤ ሶፋው ደህና ነው። ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት በሚታየው ክፍል ግን መስኮቱ ሥር አሥራ አንድ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ በውስጡ ቅርፊትና ከሰል፣ በላዩ የሚንዘላዘል ሥር። ቆሻሻ ገንዳ ይመስላል። ይህን ያየ ሽማግሌ ምን ይላል?

መጣል ግን አልፈለግሁም። ይህን አምናችሁ ተቀበሉኝ፤ ደግ የምሠራ መስሎኝ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። በአባቴ ማሳ ላይ ሥሩ ፀሐይ ያየ ድንች ከተገኘ ለእኛ ለልጆቹ እራት አልነበረም። አፈር እናስታቅፋለን፤ ከግራ ከቀኝ ስበን ግንዱን እናለብሰዋለን። እነዚህን ተክሎች ሁለት ዓመት ሙሉ ባየሁ ቁጥር እጄን ሲበላኝ የኖረው ይኸው ነው። ልጄ መጽሐፍ ብታውቅም መሬት አታውቅም፣ እኔ አሳያታለሁ አልኩ።

ከወንዝ ዳር ጥቁር አፈር አስመጣሁ። ከጎረቤት ጋጣ ፍግ ጨመርኩበት። አሥራ አንድ የቀለም ጣሳ አጥቤ አረንጓዴ ቀባሁ። ተክሎቹን ከፕላስቲካቸው እየነቀልኩ፣ ወደ ጣሳው አልገባ ያለውን ሥር በቆርቆሮ መቀስ እየቆረጥኩ ተከልኳቸው። እስከ ቅጠላቸው ድረስ አፈር አስታቀፍኳቸው። ከዚያ ከአናታቸው ላይ ውሃ በጆግ አፈሰስኩ፤ ውሃው በቅጠሎቹ መሐል ልብ ልባቸው ላይ ሲቆም ጠገቡ አልኩ። ዘንጎቹ ዘመም ስላሉ ቀጭን ብረት አቁሜ በሽቦ ላቃናቸው ስሞክር አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ማንም እንዳያይ ስባሪውን ከነእንቡጡ ኪሴ ከተትኩት።

ቅርፊቱን ለማድ ቤት ማቀጣጠያ ሰጠሁ። ፕላስቲኩን ጣልኩ። ከዚያ ስበይድ አምሽቼ ጌጥ ያለው የብረት መደርደሪያ ሠራሁና ተክሎቹን በረንዳ ላይ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ አቆምኳቸው። አማረልኝ።

ባለቤቴ እማዋይሽ እጇን አጣጥፋ ስታየኝ ቆየችና «አትንኩ ብላ አልነበር? ምናለ ደውለህ ብትጠይቃት?» አለች።

«አባት ልጁን አያስፈቅድም» አልኳት።

ቅዳሜ ስመኝ ደወለች። መንገድ ተዘግቷል፤ ነገ ከተከፈተ እመጣለሁ አለች። ስለ ተክሎቹ ጠየቀችኝ። ሰላም ናቸው አልኳት። ያን ጠዋት በረንዳው ላይ ሳያቸው ግን ቅጠሎቹ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ አይቼ ነበር። ኅዳር የገባ ሰሞን ነው፤ የማርቆስ ውርጭ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጤዛ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግሁት። አልጠፋም። ሁለተኛውንም ሌሊት እዚያው አሳደርኳቸው።

እሑድ ሽማግሎቹ በሰዓታቸው መጡ። ጋሽ አያሌው ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ እኔም እንደ ደንቡ ለመንኩ፤ ተቀመጡ። መደርደሪያዬን አድንቀውልኛል። እማዋይሽ የምትሠራው የዶሮ ወጥ ሽታ ከማድ ቤት ይመጣል። ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሁለቱ ቤት ጨዋነት መናገር ጀመሩ። እኔ በሆዴ «እሺ» የምልበትን ቃል እያዘጋጀሁ ነው። የግቢው በር ሲከፈት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስመኝ ናት። መንገዱ ተከፍቶ ኖሯል። በተከፈተው በር አቧራ እንደለበሰች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ አየኋት። በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆመች። አልጮኸችም። ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። አመልካች ጣቷን አንዱ ጣሳ ውስጥ እስከ መሐሉ ሰካችና አውጥታ አሸተተችው።

«ስመኝ፣ ግቢና ሰላም በይ» አልኩ ከውስጥ።

ገባች። ጎንበስ ብላ ሦስቱንም እጅ ነሣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባየ፣ መቼ ነው የተከሏቸው?»

«ዓርብ።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ከሰዓት።»

«ውሃስ?»

«አጠጥቻለሁ።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ውሃ መቼም ከላይ ነው የሚወርደው» አልኩ። ሽማግሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ሁለቱንም ሌሊት ውጭ ነው ያደሩ?»

መልሴን ከፊቴ ያነበበችው ይመስለኛል። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለቻቸው ለሽማግሎቹ፤ ወጣች። ወዲያው አንድ ጣሳ ሲገለበጥ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ።

ጋሽ አያሌው ንግግራቸውን አቋርጠው «ልጅቱን ምን ነካት?» አሉ። የምገባበት አጣሁ። አስገባታለሁ ብዬ ወጣሁ። በእጄ ይዤ ጎትቼም ቢሆን ላስገባት ነው የወጣሁት፤ አልዋሻችሁም።

በረንዳው ላይ ተንበርክካለች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኗል። ቆሜ «ተነሽ» አልኳት። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጆቼ ሁሉ በሚያውቁት ድምፅ።

ቀና ብላም አላየችኝ። «አባየ፣ ከፈለጉ ይምቱኝ። እጄን ግን ከዚህ አላወጣም።»

እንዲህ ያለ ቃል በቤቴ ተሰምቶ አያውቅም። እጄ ተነሥቶ ነበር። እሷ ግን መታኝ አልመታኝ ብላ እየጠበቀች አልነበረም። ከጭቃው ውስጥ አንድ ሥር መዝዛ ወደ እኔ ዘረጋችው። «ይያዙት» አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያዝኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ያ ጠንካራ ግራጫ ሥር ቡናማ ሆኗል። ጫን ስለው ቆዳው እንደ እባብ ሌጦ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ፤ ከውስጡ የቀረው ክር ነው። ገምቷል።

«ይህ ሥር በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በአየር የሚኖር ነው» አለች። «አፈር ያፍነዋል። እርስዎ ያለበሱት መስሎዎት ቀበሩት።»

ብረት እበይዳለሁ ብያችኋለሁ። መጥፎ ብየዳ ከላይ ሲታይ ያማረ ነው፤ በመዶሻ ስትመታው ነው ባዶነቱ የሚታወቅ። እኔ የሰው ሥራ እየመታሁ «ይህ ባዶ ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን በመዳፌ ላይ የቀረው የእኔ ሥራ ነበር።

«ስንቱ ይተርፋል?» አልኳት።

«አላውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጥበው፣ የበሰበሰው ተቆርጦ፣ ደርቀው ካልገቡ አንድም አይተርፍ። አሥራ አንድ ናቸው። እኔ ያሉኝ ሁለት እጆች ናቸው።»

ጋሽ አያሌው ከኋላዬ በሩ ላይ መጥተው ቆመው ኖሯል። ከሁለቱ ጋር ሰምተዋል። «አንዳርጌ» አሉ፣ «ሽማግሌ አስቀምጣ ጭቃ የምታቦካ ልጅ አይቼ አላውቅም። ይኸው ነው ማስተማር። እኛ ቤት ስትገባ ይህን ኮተቷን ጥላ ነው የምትገባው፤ ከአሁኑ ይነገራት።»

ስመኝ ሽማግሌ ለምን እንደመጣ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እጇ ለአፍታ ቆመ። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ያ አስተያየት ከስድብ ይከፋ ነበር።

«ጋሽ አያሌው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አትንኩ ብላኝ ነበር፤ እሺ ብዬ ነካሁ።»

«አባት ለልጁ አጥፍቻለሁ አይልም።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ በዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ከልጁ ጋር ሲጣላ እኔ ራሴ ስናገረው ኖሬያለሁ። ከሌላ አፍ ስሰማው ግን ንዴት ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። በእሳቸው ብቻ ሳይሆን በራሴም። «ዛሬ አንድ አባት ሲል ሰሙ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ከዚህ በር ከወጣን አንመለስም።»

እማዋይሽ ከማድ ቤት ብቅ ብላ በዓይኗ ትለምነኛለች። ዶሮው ሊወጣ ነው። ሁለቱ ሽማግሎች መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ኮቴን አወለቅሁ። አዲስ ኮት ነው፤ ለዚያ ቀን የለበስኩት። በረንዳው ብረት ላይ ሰቀልኩትና «በሰላም ግቡ፣ ጋሽ አያሌው» አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ዞሬ ልጄ አጠገብ ተንበረከክሁ።

ሲወጡ የግቢው በር ድምፅ ተሰማ። አልዞርኩም።

ከዚያ በኋላ እስከ ምሽት የሆነው ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከባዱ እሱ ነበር። ትእዛዝ ተቀበልኩ። «ለብ ያለ ውሃ» ትላለች፤ አመጣለሁ። «አይሹት፣ ይንከሩት» ትላለች፤ እነክራለሁ። ምላጩን በእሳት እያጋልኩ እሰጣታለሁ፤ የበሰበሰውን ትቆርጣለች፤ የተቆረጠበት ላይ እናቷ ከወጥ ቤት ያመጣችውን የተፈጨ ቀረፋ ትነሰንሳለች። በቅጠሎቹ መሐል የቆመውን ውሃ ሶፍት እየጠቀለልኩ አንድ በአንድ እንድመጥጥ አደረገችኝ። የእኔ ጣት ወፍራም ነው፤ «ቀስ» ትላለች። አንዴ ትዕግሥቴ አልቆ «ይበቃል» ስል «አይበቃም» አለች፤ ቀጠልኩ። ቅርፊቱን እማዋይሽ ምድጃ ውስጥ ከትታዋለች፤ ስለዚህ ከሰል ሰባብሬ አጥቤ ሰጠኋት። ፕላስቲኩን ከጣልኩበት ጉድጓድ ራሴ ገብቼ አወጣሁት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉንም የእኔና የእማዋይሽ መኝታ ክፍል አስገባናቸው፤ ከቤቱ የሚሞቀው እሱ ነው።

እጃችንን ስንታጠብ ኪሴን አስታወስኩና የተሰበረውን ዘንግ አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። «አባየ፣ ለምን አልደወሉልኝም?» አለች።

«አባት ልጁን አያስፈቅድም ብዬ ነው።»

«ተክሉ እኮ አባት መሆንዎን አያውቅም» አለችኝ።

ረቡዕ ወይዘሮ ከዲጃ ቃላቸውን አክብረው መጡ። ቀልጣፋ፣ የተሸፈኑ፣ ዓይናቸው ዕቃ የሚለይ ነጋዴ ናቸው። እስከዚያ ቀን ሁለት ተክል ሞቷል። ከቀሩት ሦስት ዘንጎች የሁለቱ እንቡጥ ቢጫ ሆኖ ረግፏል፤ አንዱ ላይ ብቻ ሦስት እንቡጥ አለ፣ እነሱም ይቁሙ ይርገፉ አይታወቅም። ስመኝ «ብርድ መታብኝ» ብላ ልትጀምር ስትል አቋረጥኳት።

«ብርድ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩ። ከ«እሺ» ጀምሮ እስከ ቆርቆሮ መቀሱ ሁሉንም ተናገርኩ። ስመኝ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። ወይዘሮዋ የተቆረጠውን ሥር እያገላበጡ አዩ፤ ቀረፋው ለምን እንደሆነ ጠየቋት፤ አስረዳቻቸው። በመጨረሻ «ልጄ፣ ሙያሽን አየሁት። እኔ ግን የመጣሁት አበባ ላይ ነው። ሲከፈት ደውይልኝ» ብለው ሄዱ።

ተከፈተ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከሦስቱ ሁለቱ ተከፈቱ፤ እንደ ነጠላ ነጭ፣ ጉሮሯቸው ቢጫ። ስመኝ ስትደውል ወይዘሮዋ ሌላ ሰው ቀጥረው ቆይተዋል። መጠበቅ አይችሉም፤ አልፈርድባቸውም። ያ ሥራ የልጄ ነበር፣ ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ስመኝ ለሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን ወደ ብየዳ ቤቴ መጥታ ወረቀት ላይ የሠራችውን ንድፍ ዘረጋችልኝ፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያዝ፣ በብረት የቆመ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ቤት። «ይቅርታዎን አልፈልገውም። ይህን ይሥሩልኝ» አለች። ሠራሁት። የመስኮቱን ከፍታ ሁለት ጊዜ አፍርሼ የሠራሁት እሷ አይሆንም ስላለች ነው።

አሁን እዚያ ቤት ውስጥ ከዘጠኙ በላይ ብዙ ኦርኪድ አለ። ማርቆስ ውስጥ ሥጦታ የተሰጣቸው ሰዎች አበባው ሲረግፍ ሞተ ብለው ይጥሉት የነበረውን ለስመኝ ያመጡላታል፤ ስታሳብበው ግማሹን መልሰው ይገዛሉ። ሀብታም አልሆነችም። አላገባችም። የሉማሜው ልጅ ሌላ አግብቷል፤ ይባረክለት። ስመኝ ታግባ አታግባ የእሷ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት። ይህ አሁን በቤቴ ሕግ ነው። ሕግ እወዳለሁ፣ አልተውኩም።

አባቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። «ተለውጫለሁ» ብዬ አላታልላችሁም። ባለፈው ሳምንት እንኳ በር ሳይዘጋ ስላደረ ጮኼአለሁ። ልጅ ታላቁን ማክበር አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ልጅህ «አትንካ» ስትልህ እሺ ካልክ፣ አትንካ። የማታውቀውን ነገር በምታውቀው ነገር አትዳኝ። ስታጠፋ ደግሞ ባጠፋህበት ሰው ፊት ተናገር፤ ሽማግሌ ተቀምጦም ቢሆን፤ እንዲያውም ሽማግሌ ሲቀመጥ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው ማለት ጥፋትን አያሳንስም፤ እኔ ያን ተክል የገደልኩት ከልቤ አስቤለት ነው።

ጋሽ አያሌው እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ለቅሶ ቤት ስገባ አግዳሚ ይቀይራሉ። የዕድሩ ሰዎች ይቅርታ ጠይቅ እያሉ ሦስት ጊዜ አማላጅ ልከውብኛል። ዶሮው ሳይቀመስ በመውጣታቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኳቸው፤ እማዋይሽ ከሌሊት ጀምራ ነው የሠራችው። ለቀረው አልጠይቅም። ከዕድር ካስወጡኝም ያስወጡኝ፤ ለመቀበር አልቸኩልም።

ቅዳሜ ጠዋት የውሃው ተራ የእኔ ነው። ባልዲውንና ፕላስቲኮቹን ወደ ግቢው አውጥቼ እየነከርኩ አንጠፈጥፋለሁ፤ ስመኝ ቆማ ታያለች፣ ስሳሳት ትናገራለች። መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። ባለፈው አንዱ የብረት ደንበኛዬ ቆም ብሎ፣ «አንዳርጌ፣ ያን የመሰለ ሰው ሴት ልጅህ አዛዥ ሆናብህ ቀረህ?» አለኝ።

«አዎ፣ ታዝዘኛለች» አልኩት። ሳቀ፣ ሄደ። እማዋይሽ ሰው እንዳያይህ በሩን ልዝጋልህ ትለኛለች። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት አይዘጋም።